የማን እጅ የት እንዳረፈ፦ የዴቢያን ምንጭ ፓኬጅ ታሪክ

ከዴቢያን ሊኑክስ ማከማቻ የአንድን ፕሮግራም ምንጭ ኮድ የሚያወርድ ሰው እጁ የሚገባው አንድ ፋይል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ደራሲው ያወጣው ኮድ እንደወጣ የታሸገበት ጥቅል ሲሆን በስሙ መሐል «ኦሪጅ» የሚል ምልክት ስላለበት በቀላሉ ይለያል። ሁለተኛው የዴቢያን ሰዎች በዚያ ኮድ ላይ የጨመሩትንና የለወጡትን ብቻ ይይዛል። ሦስተኛው አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የሁለቱን ስም፣ መጠንና የማረጋገጫ ቁጥር ይዘረዝራል፣ ፓኬጁን ባዘጋጀው ሰው ዲጂታል ፊርማም ይታሰራል። በአንድምታ መጻሕፍት ንባቡ ለብቻው፣ ትርጓሜው ለብቻው ተለይቶ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ እዚህም የደራሲው ሥራና የአከፋፋዩ ሥራ አይደባለቁም። ይህ አከፋፈል በ1996 ተጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዝርዝሩ ቢለዋወጥም መሠረቱ ሳይነቃነቅ እዚህ ደርሷል። ለምን ሲባል የሚሰጠው የተለመደ መልስ ቦታና ጊዜ መቆጠብ ነው፤ ኢንተርኔት በስልክ መስመር በሚንፏቀቅበት ዘመን አንድ መስመር ለማረም ሙሉውን ጥቅል እንደገና መላክ አያዋጣም ነበር። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የስልክ መስመሩ ከቀረ ቆይቷል፤ አከፋፈሉ ግን አልቀረም። ቅርጹን የወለደው ምቾት ቢሆን እንኳ ያቆየው ሌላ ነገር ነው፤ የፈቃድ ጥያቄ። ምንጭ ፓኬጅ ኮድ መሸከሚያ ብቻ አይደለም፤ የማን እጅ የት ላይ እንዳረፈና አከፋፋዩ የትኛውን ነገር ለሌላ የማስተላለፍ መብት እንዳለው የሚያሳይ ሰነድም ነው።

ነገሩ ከቅጂ መብት ሕግ ይጀምራል። በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ ኮድ እንደ መጽሐፍ ይቆጠራል፤ ደራሲው ካልፈቀደ በቀር ሌላው ሰው ሊያባዛውም ሆነ አሻሽሎ ሊያከፋፍለው አይችልም። ሪቻርድ ስቶልማን የጻፈው የጂኤንዩ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ፣ በአጭሩ ጂፒኤል፣ መጀመሪያ በ1989 ከዚያም ተሻሽሎ በ1991 ወጣ፤ ፈቃዱን ሰጥቶ ግዴታም ያስከትላል። ሁለተኛው እትም ኮዱን የለወጠ ሰው በለወጠው ፋይል ላይ መለወጡንና ቀኑን በግልጽ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በማሽን ቋንቋ የተቀመረውን ፕሮግራም የሚሰጥም ሙሉ ምንጭ ኮዱን አብሮ እንዲያቀርብ፣ ወይም ቢያንስ ለሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል እንዲገባ ያስገድዳል። ምንጭ ኮድ የሚባለውም ለማሻሻል የሚመረጠው ቅርጽ እንደሆነ ይደነግጋል። ሊነስ ቶርቫልድስ በመስከረም 1991 የለቀቀው የመጀመሪያው ሊኑክስ ግን በዚህ ፈቃድ አልወጣም፤ ገንዘብ አስከፍሎ ማከፋፈልን የሚከለክል የራሱ ፈቃድ ነበረው። በ1992 መጀመሪያ ወደ ጂፒኤል ሲዞር ነው ሌሎች ሰዎች ከርነሉን፣ ማለትም ይህን የሥርዓቱን እምብርት፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሽገው በዲስክ መሸጥና ማደል የቻሉት። የሊኑክስ ስርጭት የሚባለው ሥራ ከዚህ የፈቃድ ለውጥ በኋላ የመጣ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ኤስኤልኤስ የተባለው ስርጭት በ1992 ወጣ፤ በጥገናው የተማረሩ ሰዎች በ1993 የየራሳቸውን ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢያን መርዶክ ሲሆን ዴቢያንን ነሐሴ 16 ቀን 1993 አስተዋወቀ። እንዲህ ያለ ስርጭት ከሚያድለው ኮድ አብዛኛውን አይጽፈውም። ሌሎች የጻፉትን ይሰበስባል፣ ያስማማል፣ ያስተላልፋል። በሕግ ፊት ዋና ማንነቱ አከፋፋይነት ነው፤ የፈቃዱም ሸክም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ዲፒኬጂ የተባለውን የዴቢያን መሣሪያ ቅርጽ ያስያዘው ኢያን ጃክሰን በ1996 ያደራጀው የምንጭ ፓኬጅ ሥርዓት ከላይ የተገለጸው ሦስትዮሽ ነው፤ ዋናው ጥቅል፣ ዲፍ የሚባለው የልዩነት ፋይል፣ የተፈረመበት ማውጫ። ተፎካካሪው ሬድ ሃትም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የራሱን የፓኬጅ መሣሪያ አርፒኤምን ሲያወጣ ያልተነካ ዋና ኮድንና ማስተካከያዎችን ለየብቻ ማስቀመጥን መርሕ አድርጎ ነበር። ሁለት ቡድኖች ተለያይተው ሲሠሩ አንድ ዓይነት መፍትሔ ላይ መድረሳቸው የምህንድስና ምክንያት እንደነበረው ያሳያል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም የዚያን ዘመን ፈቃዶች ከጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ሌላም ነገር ይታያል። ጂፒኤል «ለውጥህን አሳውቅ» ይላል፤ የልዩነት ፋይል ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሊሟላ የማይችል ማሳወቂያ ነው፤ እያንዳንዱ የተጨመረ መስመር በመደመር፣ እያንዳንዱ የተነሣ መስመር በመቀነስ ምልክት ተለይቶ ይታይበታል። ከጂፒኤል ጠንከር ያሉ ደራሲዎችም ነበሩ፤ የአከፋፈሉ ዋጋ በእነሱ ጊዜ ነው ጎልቶ የወጣው።

በሐምሌ 1997 ዴቢያን ማኅበራዊ ውሉንና ከእሱ ጋር የነጻ ሶፍትዌር መመሪያውን አጸደቀ። ረቂቁን የመራው ብሩስ ፔሬንስ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ያው መመሪያ የዴቢያን ስም ወጥቶለት የኦፕን ሶርስ ትርጉም ሆነ። ከመመሪያው አንቀጾች አራተኛው ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። አንድ ፈቃድ የተለወጠ ምንጭ ኮድ እንዳይታደል ሊከለክል ይችላል፤ ነገር ግን ዋናው ኮድ ከማስተካከያ ፋይሎች ጋር ጎን ለጎን እንዲታደልና ፕሮግራሙ በሚቀመርበት ሰዓት እንዲዋሃድ የፈቀደ እንደሆነ ብቻ ነው። አንቀጹ ራሱ ይህ ስምምነት ለመፍጠር የተደረገ መቻቻል እንደሆነ ሳይሸሽግ ይናገራል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ይህ አንቀጽ በሥራ ሊውል የሚችለው ዋናውንና ማስተካከያውን ለየብቻ የሚያስቀምጥ የፓኬጅ ቅርጽ ሲኖር ብቻ ነው። ሁሉን ቀላቅሎ አንድ ጥቅል የሚያደርግ ስርጭት አንቀጹን ቢያጸድቀውም ሊጠቀምበት አይችልም። ትሮልቴክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ለኪውት ቤተ መጻሕፍቱ ያወጣው ኪውፒኤል የተባለ ፈቃድ ለውጦች ከዋናው ተለይተው በማስተካከያ ፋይል እንዲወጡ የሚጠይቅ ነበር፤ የዴቢያን ቅርጽ ለዚህ ከመጀመሪያው የተዘጋጀ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የኪውት ፈቃድ ከዚህም የጠበበ ስለነበር፣ በእሱ ላይ የተገነባውን ኬዲኢ የተባለ የዴስክቶፕ ገጽታ ዴቢያን በ1998 ከማከማቻው አውጥቶታል፤ የተመለሰው በ2000 ኪውት በጂፒኤል ከወጣ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የኪውሜይል ነገር ነው። ዳንኤል በርንስታይን የጻፈው ይህ የኢሜይል አገልጋይ በአስተማማኝነቱ የተመሰገነ ነበር፤ ደራሲው ግን ምንጭ ኮዱ ሳይነካ እንዲታደል እንጂ ሌላ ሰው ለውጦ የቀመረው ፕሮግራም እንዲታደል አልፈቀደም። ዴቢያን ፕሮግራሙን ከራሱ የፋይል አቀማመጥ ደንብ ጋር ለማስማማት መለወጥ ነበረበት፤ ከለወጠው ደግሞ ቀምሮ ማደል አይችልም። መውጫው ምንጭ ኮዱንና ማስተካከያውን ብቻ የያዘ ፓኬጅ አዘጋጅቶ ነጻ ባልሆነው የማከማቻው ክፍል ማስቀመጥ ሆነ፤ ተጠቃሚው አውርዶ፣ በገዛ ማሽኑ ላይ አዋህዶ፣ ራሱ ይቀምረዋል። ሕጉ በአከፋፋዩ ላይ የዘጋውን በር ለተጠቃሚው ክፍት ትቶት ነበርና። በርንስታይን በ2007 ኪውሜይልን ከቅጂ መብት ነጻ እስኪያደርገው ድረስ ይህ መንገድ አገልግሏል። እዚህ ላይ ቦታ መቆጠብ የሚለው ማብራሪያ ምንም አይረዳም። ፓኬጁ ያን ቅርጽ የያዘው ፈቃዱ ሌላ ቅርጽ ስላልፈቀደለት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ እዚህ ይነሣል። ዋናው ጥቅል ሳይነካ ይቀመጣል የሚለው ወግ ነው እንጂ እውነት አይደለም፤ ዴቢያን ራሱ በየጊዜው ይነካዋል፤ ማስረጃውም በሺህ በሚቆጠሩ የእትም ቁጥሮች ላይ የነጻ ሶፍትዌር መመሪያው አሕጽሮት የሆነ «ዲኤፍኤስጂ» የሚል ቅጥያ መለጠፉ ነው ይባላል። እውነት ነው። ቅጥያው የደራሲው ጥቅል ተፈትቶ፣ ነጻ ያልሆነ ነገር ተነቅሎለት እንደገና መታሸጉን ያመለክታል። የሚነቀለው አንዳንዴ ጥቃቅን ነው። ማሻሻልን የማይፈቅዱ የኢንተርኔት ደረጃ ሰነዶች፣ ሰው ሊያነበው እስከማይችል ድረስ የተጨመቀና ዋናው ያልተያያዘለት የጃቫስክሪፕት ፋይል፣ «ለመልካም እንጂ ለክፉ አይዋል» የሚል ሐረግ ያለበት የጄሶን ፈቃድ የተለጠፈበት ኮድ። ሐረጉ ቀልድ ቢመስልም አጠቃቀምን ይገድባልና ዴቢያን አልተቀበለውም። አንዳንዴ ግን የሚነቀለው ትልቅ ነው። በ2004 አባላቱ የማኅበራዊ ውሉን ቃል ሲያጠሩት መመሪያው ለፕሮግራም ብቻ ሳይሆን በማከማቻው ላለ ማንኛውም ሥራ እንደሚሠራ ግልጽ ሆነ፤ ያኔ በከርነሉ ውስጥ የተሰገሰጉት፣ ምንጫቸው የማይታወቅ የሃርድዌር አምራቾች ፈርምዌሮች (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች) ጥያቄ ውስጥ ገቡ። ለ2005ቱ፣ ለ2007ቱና ለ2009ኙ እትሞች በድምፅ ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ከከርነሉ ተጠርገው የወጡት በየካቲት 2011 ነው። በ2006 ደግሞ በጂኤንዩ ነጻ የሰነድ ፈቃድ የወጡ መመሪያ መጻሕፍት ሊለወጡ የማይችሉ ክፍሎች ካሉባቸው ነጻ አይደሉም ተብሎ በድምፅ ተወሰነ፤ ፈቃዱን ያወጣው የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የገዛ ሰነዶች ሳይቀሩ ከዋናው ክፍል ወጡ። እልህ ይመስላል፤ በከፊልም ነበር።

ይሁንና ይህ ሁሉ ሐሳቤን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠናክር ነው። ከተነቀሉት ፋይሎች ብዙዎቹ ፕሮግራሙ ሲቀመር ጨርሶ የማይነኩ ናቸው። ተጠቃሚው በሚጭነው ፓኬጅ ውስጥ አይገቡም፤ ቢቀሩ በአሠራሩ ላይ ለውጥ የለም። ምንጭ ፓኬጅ ለመቀመሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዋናው ጥቅል ጥግ ስለተረሳ ሰነድ ማንም ጥቅሉን ፈትቶ እንደገና ለማሸግ አይደክምም ነበር፤ የደራሲውን ጥቅል የማረጋገጫ ቁጥር ማጣት ዋጋ አለውና። የሚደክሙት ምንጭ ፓኬጁ ራሱ የሚታደል ነገር ስለሆነ ነው። በመስተዋት ማከማቻዎች ተባዝቶ በዓለም ዙሪያ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ባለ ማከማቻ፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ኩባንያ፣ አከፋፋይ ይሆናል፤ ዴቢያን ዋናው ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ ሊታደል ይችላል ብሎ ቃል የገባው ለእነሱም ነው። የእትም ቁጥሩ ላይ የሚለጠፈውም ቅጥያ ሰነድነቱን ይመሰክራል፤ ጥቅሉ ተነክቷል፣ መነካቱም ከስሙ ጀምሮ ይታወቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፀጥታ በኩል ይመጣል። ማስተካከያዎችን መለየት ያስፈለገው ለሕግ ሳይሆን ለምርመራ ነው የሚሉ ሰዎች ግንቦት 13 ቀን 2008 የታወቀውን የኦፕንኤስኤስኤል አደጋ ይጠቅሳሉ። በ2006 የዴቢያን ማስተካከያ ከቤተ መጻሕፍቱ ላይ ያነሣቸው መስመሮች የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪውን ምንጭ አድርቀውት ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ ሊወጡ የሚችሉት አማራጮች ወደ 32,768 ብቻ ወረዱ። በአሮጌው ቅርጽ የዴቢያን ለውጦች ሁሉ በአንድ የልዩነት ፋይል ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚቀመጡ የትኛው መስመር ለምን እንደተነካ ከውጭ ሆኖ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። በ2009 ማከማቻው መቀበል የጀመረው አዲሱ ቅርጽ፣ ራፋኤል ኤርትዞግ ብዙ የደከመበት፣ ኩዊልት በተባለው መሣሪያ ስም የሚጠራውና ሦስት ነጥብ ዜሮ የተባለው፣ ማስተካከያዎቹን አንድ በአንድ በየስማቸው ይዘረዝራል፤ በየራሳቸው ላይ ማን እንደጻፋቸው፣ ለምን እንደተጻፉና ለዋናው ደራሲ ተልከው እንደሆነ የሚገልጽ መግለጫ ሊጻፍባቸው ይችላል። ለዚህ ለውጥ የምርመራ ጥቅሙ ትልቅ ግፊት እንደነበረ እቀበላለሁ። ነገር ግን ምርመራና ፈቃድ እዚህ ላይ ባላንጣ አይደሉም። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የደራሲውን ሥራ ከአከፋፋዩ ሥራ ለይቶ ማሳየት። የትኛው እንደሚያመዝን ለማወቅ ሁለቱ የተጋጩበትን ጉዳይ መፈለግ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ደግሞ በትክክል አለ።

በ2007 ገደማ ጆዊ ሄስ የተባለ የዴቢያን ፕሮግራመር ሌላ ቅርጽ ሠርቶ ነበር። የሥሪት ታሪክን የሚመዘግበው ጊት ያን ጊዜ ፕሮግራመሮችን እየማረከ ነበር፤ የሄስ ቅርጽ ጥቅልና የልዩነት ፋይል የሚለውን ትቶ የፕሮግራሙን የጊት ማኅደር ከነታሪኩ በአንድ ፋይል ያሽጋል። ከምርመራ አንጻር ይህን የሚተካከል አልነበረም። እያንዳንዱ ለውጥ ከነጸሐፊው፣ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ ይገኛል። ዲፒኬጂ ቅርጹን ያውቀዋል፤ በመመሪያው ውስጥም ሰፍሯል። የዴቢያን ማከማቻ ግን አልተቀበለውም። ከቴክኒክ ጥያቄዎች በላይ ያሰናከለው የፈቃድ ሥጋት ነበር። አዲስ ፓኬጅ ወደ ማከማቻው ከመግባቱ በፊት በአስተዳዳሪዎቹ ወረፋ ላይ ይቆማል፤ እነሱም የእያንዳንዱን ፋይል ፈቃድ ከቅጂ መብት መግለጫው ጋር ያመሳክራሉ። ዛሬ ያለውን ፋይል ማየት ራሱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ታሪኩ ሁሉ አብሮ የሚታደል ከሆነ ግን ከአሥር ዓመት በፊት ገብቶ በማግስቱ የተሰረዘ ፋይልም ይታደላል፤ ፈቃድ የሌለው የፊደል ቅርጽ፣ በስህተት የገባ የኩባንያ ኮድ፣ የማይታደል ሥዕል። ከቅርቡ ገጽ ላይ ማጥፋት ከታሪኩ አያጠፋም፤ የጊት ትልቁ በጎነት፣ ምንም አለመርሳቱ፣ ለአከፋፋይ ወጥመድ ሆነ። ታሪኩን በጥቂት እርከን ብቻ ቆርጦ ማሸግ የሚያስችል አማራጭ ተሠርቶለት ነበር። ታሪኩ የተቆረጠለት የጊት ማኅደር ግን ከተለመደው ጥቅል ብዙም አይለይም፤ ያስፈለገበትን ምክንያት አብሮ ይቆርጠዋል። እንግዲህ ለመርማሪ የተሻለው ቅርጽ ለአከፋፋይ ስላላመቸ በሩ ላይ ቀረ። ክርክሩን በእኔ ዘንድ የሚዘጋው ይህ ነው።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አላስከፈለም አልልም። መጋቢት 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር ኤክስዚ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተተከለ የጓሮ በር መገኘቱን ይፋ አደረገ። የተንኮሉ ቁልፍ ክፍል በሕዝብ በሚታየው የጊት ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ የተቀመጠው በሚለቀቀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ደራሲው ያወጣውን ጥቅል እንዳለ መቀበል የሚለው የቆየ ልማድ ለአጥቂው መሸሸጊያ ሆኖት ነበር ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ ከጊት እንነሣ የሚለው ድምፅ በርትቷል። ይሁን እንጂ የመጣው መፍትሔ ምን ዓይነት እንደሆነ ማስተዋል ያሻል። በ2013 ዲጊት የተባለውን መሣሪያ የጀመረው፣ በኋላም ከሾን ዊተን ጋር በጊት ላይ በሚደረግ ፊርማ ብቻ ፓኬጅ የሚላክበትን አሠራር የቀየሰው ያው የ1996ቱ ኢያን ጃክሰን ነው። አሠራሩ ፕሮግራመሩን ከጥቅል ማሸግ ያሳርፈዋል፤ ወደ ማከማቻው የሚገባውና ለዓለም የሚታደለው ግን አሁንም የተለመደው ምንጭ ፓኬጅ ነው። ታሪኩ በአንድ አገልጋይ ላይ ይቆያል፣ የሚታደለው ደግሞ ታሪክ አልባው ቅርጽ ይሆናል። ሁለቱን ጥያቄዎች፣ ምርመራንና ፈቃድን፣ ለየቤታቸው አሰናብቷቸዋል።

የቅርጽን ጉልበት ከተቃራኒው አቅጣጫ ማየት ለሚፈልግ ሬድ ሃትን መመልከት ይበቃዋል። ስድስተኛው የድርጅት ሊኑክሱ በ2010 መጨረሻ ሲወጣ የከርነሉ ምንጭ ፓኬጅ እንደ ቀድሞው ዋናው ኮድና ተለያይተው የተዘረዘሩ ማስተካከያዎች አልነበረም፤ ሁሉም ቀድሞ ተዋህዶ አንድ ጥቅል ሆኖ ቀረበ። በ2011 ነገሩ ሲያነጋግር ኩባንያው የሬድ ሃትን ምርት እየደገፉ ገንዘብ የሚያገኙ ተፎካካሪዎችን ሥራ ለማክበድ እንደሆነ አልሸሸገም። ኮዱ ሙሉ ነው፤ አንድ መስመር አልጎደለም። የጎደለው የትኛው መስመር ለምን እንደተለወጠ የሚያሳየው ስፌት ነው። ለማሻሻል የሚመረጠው ቅርጽ የሚለው የጂፒኤል አነጋገር ስፌቱንም ይጨምራል ወይ የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀረ፤ በእኔ ግምት የፈቃዱ ቃል ኩባንያውን አይነካውም፣ መንፈሱ ግን ይወቅሰዋል። ኦራክል በ2012 ማስተካከያዎቹን አንድ በአንድ መልሶ ነጣጥሎ በይፋ አወጣ፤ የተቀላቀለውን ለመለየት የባለሙያ ቡድን የሚያሰማራ ኩባንያ መኖሩ የስፌቱን ዋጋ ከማንኛውም ሙግት በላይ ይናገራል። ስለ ምንጭ ኮድ ግዴታ ሌላ ማስታወሻ የሚሆነው የ2006ቱ የሜፒስ ጉዳይ ነው። ይህ ትንሽ ስርጭት ኡቡንቱ ከተባለው ሌላ ስርጭት ሳይለውጥ የወሰዳቸውን ፓኬጆች ምንጭ ኮድ ራሱ ማቅረብ እንዳለበት የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አሳሰበው። «እነ እንትና ዘንድ አለ» ማለት አልበቃም። ዴቢያን ምንጩንና የተቀመረውን በአንድ ማከማቻ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው፣ ከሌላ ፓኬጅ ኮድ ቀድተው የተቀመሩ ፕሮግራሞችም ከየትኛው እትም እንደቀዱ እንዲመዘግቡና ያ ምንጭ ከማከማቻው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

የእኛም ፊደል በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያልፋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በዴቢያን ማከማቻ ውስጥ በፓኬጅነት ይገኛል፤ ብዙ አማርኛ ጸሐፊዎች ሳያውቁት በእሱ ያነባሉ። የወጣበት የኤስአይኤል ክፍት የፊደል ፈቃድ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያድለው ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ፊደሉ ለብቻው እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ ደራሲውም ስሙን ሊያስከብር ይችላል፤ የለወጠው ሰው በሌላ ስም እንዲያወጣው ማለት ነው። ይህ የስም ጥበቃ ለዴቢያን አዲስ አይደለም፤ ያው አራተኛው አንቀጽ የተለወጠ ሥራ ሌላ ስም ወይም ሌላ የእትም ቁጥር ይያዝ የሚልን ፈቃድ ይቀበላል። ፋየርፎክስ በንግድ ምልክት ሰበብ ከ2006 እስከ 2016 በዴቢያን ላይ አይስዊዝል ተብሎ የኖረው ከዚሁ ወገን በሆነ ምክንያት ነው። ፊደል ግን አንድ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው የፊደል ፋይል የተቀመረ ውጤት ነው፤ ንድፍ አውጪው የሚሠራበት ፋይል ሌላ ነው። ታዲያ የአንድ ፊደል ምንጭ ኮድ የቱ ነው? ዴቢያን በየፊደሉ ሲመልሰው የኖረው ጥያቄ ነው።

ያው ጥያቄ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ላይ በግዙፉ ተመልሷል። አንድ የሠለጠነ ሞዴል የቁጥሮች ክምችት ነው፤ ለማሻሻል የሚመረጠው ቅርጽ ቁጥሮቹ ናቸው የሚሉ አሉ፣ ሥልጠናውን ማስቀጠል የሚቻለው በእነሱ ላይ ነውና። ቁጥሮቹ ውጤት እንጂ ምንጭ አይደሉም፣ ምንጩ የሠለጠኑበት መረጃ ነው የሚሉም አሉ። የኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ በጥቅምት 2024 ባወጣው ትርጉም ስለ መረጃው በቂ መግለጫ መስጠት ይበቃል፣ መረጃው ራሱ የግድ መታደል የለበትም አለ። ዴቢያን ውስጥ በ2025 ጥያቄው ለአባላት ድምፅ ሊቀርብ ታስቦ ሳይቋጭ ቀርቷል። የማከማቻው ታሪክ የሚያሳየኝ ወደ ሁለተኛው ወገን ነው፤ የማይነበብ ጃቫስክሪፕትንና ምንጭ የሌለውን ፈርምዌር ያወጣ መለኪያ ለሞዴል ሲሆን የሚላላበት ምክንያት አይታየኝም። ፈርምዌር በ2022 በድምፅ ወደ መጫኛው እንዲመለስ ሲፈቀድለት እንኳ፣ በሰኔ 2023 እትም ላይ የገባው በዋናው ክፍል ሳይሆን ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር የሚል ስም በተለጠፈበት የራሱ ክፍል ነው። የሥልጠና መረጃ ግን ብዙ ጊዜ ከድረ ገጽ የተለቀመ፣ የቅጂ መብቱም የየባለቤቱ ነው፤ «ኦሪጅ» በሚለው ጥቅል ውስጥ ይግባ ቢባል መጠኑን የሚችል መስተዋት ማከማቻ ከመፈለጉ በፊት ለማደል የሚያበቃ ፈቃድ መገኘት አለበት፤ ያለ እሱም ሞዴሉን በዋናው ክፍል ለማስቀመጥ የሚያስችል ቅርጽ እስካሁን ማንም አልሠራም።